«እውነተኛ ነው ወይስ የውሸት?»፦ ስለ ይለፍ ቃል ደብዳቤዎች የተሳሳተ ጥያቄ

ሻርጃ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለች። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ማታ በቴሌግራም ስክሪንሾት ላከችልኝና ከሥሩ «ወንድምዬ፣ እስቲ ይሄን ነገር እይልኝ፤ ልንካው ወይስ ልተወው?» ብላ ጻፈች። በቤተሰብ ውስጥ «ኮምፒውተር የሚያውቀው» የሚባል ሹመት አንዴ ከተሰጣችሁ መሻር የለም። ፕሪንተር እንቢ ሲል፣ የእማማ ዋትስአፕ ሲጠፋ፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲመጣ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ።

ስክሪንሾቱ ላይ ያለው ከአንድ የኢንተርኔት ልብስና ጫማ መደብር የመጣ ኢሜይል ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ለልጇ የኬጂ ምርቃት ጫማ ገዝታበት ነበር። «ለደኅንነትዎ ሲባል የይለፍ ቃልዎን ሰርዘነዋል፤ አዲስ ለማውጣት ከታች ያለውን ይጫኑ» ይላል፣ በእንግሊዝኛ። አየሁት። የላኪው አድራሻ ላይ ከመደብሩ ስም ቀጥሎ የማላውቀው የሌላ ኩባንያ ስም ተንጠልጥሏል። «ውድ ደንበኛ» ይላል እንጂ ስሟን አይጠራም። ሊንኩ የሚወስደው ደግሞ ግማሽ ገጽ የሚሞላ የፊደልና የቁጥር ዝባዝንኬ ወዳለበት አድራሻ ነው። ስለ ፊሺንግ (በአስመሳይ ደብዳቤ አታልሎ የይለፍ ቃል ስለ መስረቅ) እስከዛሬ ያነበብኩት ሁሉ «ውሸት ነው» አለኝ። «አጥፊው፣ ሌቦች ናቸው» አልኳት። አጠፋችው።

ደብዳቤው እውነተኛ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዕቃ ልትገዛ ስትሞክር የይለፍ ቃሏ አልሠራም። እንደምንም ገብታ ስታይ፣ ቀደም ሲል ዕቃ መልሳ በአካውንቷ ላይ ተቀምጦላት የነበረው 300 ድርሃም ገደማ ሽቶ ተገዝቶበት ወደማታውቀው አድራሻ ሄዷል። ሌባው የገባው ከደብዳቤው በፊት ነው፤ መደብሩ ነገሩ ሲሸተው ነው የይለፍ ቃሎችን የሰረዘው። ደብዳቤው በደረሳት ቀን ገብታ ብታይ ኖሮ ሽቶው ገና ከመጋዘን አልወጣም ነበር፤ ትዕዛዙን መሰረዝ ይቻል ነበር። ያስረፈድኳት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ የተሳሳትኩት ምኑ ላይ እንደሆነ ደጋግሜ አስቤያለሁ። ምልክቶቹን በማንበብ አይደለም፤ ዛሬም ያንኑ ደብዳቤ ብታሳዩኝ ያንኑ ነው የምለው። የተሳሳትኩት ጥያቄዋን እንዳለ ተቀብዬ ለመመለስ መቀመጤ ላይ ነው። ደብዳቤው እውነተኛ ይሁን አይሁን ከስክሪንሾት ላይ መፍረድ አያስፈልገኝም ነበር። የሚያስፈልገው አካውንቷ ውስጥ ምን እንዳለ ማየት ነበር፤ ለዚያ ደግሞ ደብዳቤው ጨርሶ አያስፈልግም።

አዋቂም ይስታል

የእኔ ስህተት እውነቱን ውሸት ማለት ነው። የተገላቢጦሹን የሠሩ ሰዎች የከፈሉት ዋጋ ከሽቶ እጅግ የከበደ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 የሂላሪ ክሊንተን የምርጫ ዘመቻ ሊቀ መንበር በነበሩት በጆን ፖዴስታ የግል ጂሜይል ላይ «የይለፍ ቃልዎ በሌላ ሰው እጅ ገብቷል» የሚል፣ ከጉግል የተላከ የሚመስል ደብዳቤ ገባ። ቢሯቸው ዘሎ አልተጫነውም። የሚመከረውን አድርጎ የዘመቻውን የኮምፒውተር ባለሙያ ጠየቀ። ባለሙያው «ይህ ትክክለኛ ኢሜይል ነው፣ የይለፍ ቃሉ ባስቸኳይ ይቀየር» ሲል መለሰ። በኋላ ላይ «ትክክለኛ ያልሆነ» ለማለት ፈልጌ በአጻጻፍ ስህተት ነው ብሏል።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚያች አንዲት የአጻጻፍ ስህተት ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ባለሙያው በዚያው መልሱ ውስጥ የጉግልን እውነተኛ የመቀየሪያ አድራሻ ጽፎ ሰጥቷቸው ነበር። ፍርዱ ተሳስቷል፤ ያሳየው መንገድ ግን ትክክል ነበር። በዚያ መንገድ ሄደው ቢሆን ደብዳቤው እውነትም ሆነ ውሸት ምንም አይመጣም ነበር። የተጫኑት ግን ደብዳቤው ውስጥ ያለውን ሊንክ ነው። ከዚያው ዓመት ኦክቶበር ጀምሮ የሰውየው ኢሜይሎች በሺዎች እየሆኑ ምስጢራዊ ሰነዶችን በሚያወጣው በዊኪሊክስ ድረ ገጽ ሲወጡ ዓለም አነበባቸው።

ጥፋቱ የመደብሮቹም ነው

እኛን «ተጠንቀቁ፣ የላኪውን አድራሻ እዩ» እያሉ የሚመክሩን መደብሮች ራሳቸው የሚልኩት ደብዳቤ ከሌቦች ደብዳቤ የማይለይ ሆኖ መቅረቡ የዚህ ጉዳይ አስቂኝ ገጽታ ነው። ብዙዎቹ ኢሜይላቸውን ራሳቸው አይልኩም። በጅምላ የሚልክላቸው ሌላ ኩባንያ አለ፤ የደንበኞቹ ስምና አድራሻም እዚያ ኩባንያ ዘንድ ይቀመጣል። ኤፕሲሎን የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲዘረፍ፣ ስሙን ሰምተው የማያውቁ የቤስት ባይና የዋልግሪንስ መደብሮች ደንበኞች «ስምዎና ኢሜይልዎ ተወስዷል» የሚል ደብዳቤ የደረሳቸው በዚህ ምክንያት ነው። የአክስቴ ልጅ ደብዳቤ ላይ ያየሁት ባዕድ ስምም የዚህ ዓይነቱ ላኪ ነበር። ያ ረጅም ዝባዝንኬም ማን እንደተጫነና ማን እንዳልተጫነ የሚቆጥር መከታተያ ነው። ለገበያ ሰዎቻቸው የሚጠቅማቸው ቁጥር እኔን ደብዳቤውን እንድጠረጥር አደረገኝ።

የጫማ መደብሩን ዛፖስን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2012 ከ24 ሚሊዮን በላይ ደንበኞቹን የሚነካ ዝርፊያ ሲያገኝ ተገቢውን አደረገ፤ የሁሉንም የይለፍ ቃል ወዲያውኑ ሰርዞ ለሁሉም ጻፈ። ግን ይህን ሁሉ ሰው የሚያስተናግድ የስልክ መስመር ስላልነበረው ስልኩን ዘጋና «ጥያቄ ካለዎት በኢሜይል ይጻፉልን» አለ። እንግዲህ ጠንቃቃው ደንበኛ ደብዳቤውን ተጠራጥሮ «ልደውልና ላጣራ» ሲል ስልኩ ዝግ ነው። አስቡት፣ ሌባም ቢሆን የሚለው ያንኑ ነው፤ አትደውሉ፣ እዚሁ ጻፉልን።

መደብር ባይሆንም ከኢኩዊፋክስ ታሪክ የባሰ አላውቅም። የአሜሪካውያንን የብድር ታሪክ የሚይዘው ይህ ድርጅት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 ከ140 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መረጃ እንደተዘረፈበት ሲያሳውቅ፣ ሰዎች መጥተው እንዲያጣሩ ከዋናው ገጹ ውጭ አዲስ ድረ ገጽ ከፈተ። ስሙን ብትተረጉሙት «ኢኩዊፋክስ ደኅንነት 2017» እንደማለት ነው። አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ ይህ አሠራር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ለማሳየት ቃላቱን ገልብጦ «ደኅንነት ኢኩዊፋክስ 2017» የሚል አስመሳይ ገጽ ሠራ። የድርጅቱ የራሱ የትዊተር ገጽ ደንበኞቹን ወደ አስመሳዩ ገጽ ደጋግሞ መራቸው። ባለቤቱ የራሱን በር ከሌላው መለየት ካልቻለ ደንበኛው በምን ይለየው?

የተሻለ አያያዝ ያየሁት በእንግሊዙ መደብር በማርክስ ኤንድ ስፔንሰር ነው፤ ዝርፊያው ራሱ ግን ከባድ ነበር። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 በደረሰበት ጥቃት የኢንተርኔት ሽያጩን ከስድስት ሳምንት በላይ አቋረጠ፤ ከትርፉ ላይ 300 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ እንደሚያሳጣው ገመተ። በሜይ 13 ለደንበኞቹ ሲጽፍ የይለፍ ቃልና ለክፍያ የሚውል የካርድ መረጃ አለመወሰዱን ነገራቸው፤ አሁን ምንም ማድረግ አይጠበቅባችሁም፣ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ አካውንታችሁ ስትገቡ ግን አዲስ የይለፍ ቃል እንድታወጡ ትጠየቃላችሁ አላቸው። አባባሉን ልብ በሉት። ሩጡ፣ 24 ሰዓት ብቻ ቀርቷችኋል የሚል ነገር የለውም። ሰውየው ሲያስፈልገው በራሱ እግር መጥቶ፣ በራሱ በር ገብቶ ይቀይራል።

የዚያ ጥቃት መነሻም ከጉዳያችን ሩቅ አይደለም። የኩባንያው ሊቀ መንበር አርቺ ኖርማን በጁላይ 2025 ለእንግሊዝ የፓርላማ አባላት እንደተናገሩት፣ ጥቃት ፈጻሚዎቹ ሌላ ሰው መስለው በመቅረብ ነው የገቡት፤ ከሦስተኛ ወገን ጋርም የተያያዘ ነበር። የአገሪቱ ብሔራዊ የሳይበር ደኅንነት ማዕከል በዚያ ሰሞን ለድርጅቶች ካስተላለፈው ምክር አንዱ የኮምፒውተር እርዳታ ክፍሎቻችሁ የሠራተኛን የይለፍ ቃል ሲቀይሩ ማንነቱን እንዴት እንደሚያረጋግጡ መርምሩ የሚል ነበር። «ፓስወርዴ ጠፋብኝ፣ አውጡልኝ» የሚለው የዋህ ጥያቄ ትልቅ ኩባንያም የሚገባበት ቀዳዳ ነው ማለት ነው።

ግን ከአጠራጣሪ ደብዳቤም የባሰ አለ፤ ደብዳቤው ጭራሽ አለመምጣቱ። አዲስ አበባ ቡቲክ ያላቸውም፣ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ያሉ እህቶቻችንም በደንብ የሚያውቁት የኢንተርኔት ልብስ መደብር ሺን እ.ኤ.አ. በ2018 ተዘርፎ ነበር። ያኔ መደብሩን ያስተዳድር የነበረው ዞቶፕ የተነኩት 6.42 ሚሊዮን ደንበኞች ናቸው አለ። የኒውዮርክ ግዛት ዐቃቤ ሕግ ሌቲሺያ ጄምስ ባካሄዱት ምርመራ ግን የተሰረቀው የ39 ሚሊዮን የሺን አካውንት መግቢያ ነበር። አብዛኛዎቹ ደንበኞች አልተነገራቸውም፤ የይለፍ ቃላቸውም አልተሰረዘም። ኩባንያው በኦክቶበር 2022 1.9 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ለ39 ሚሊዮን ሰው ሲካፈል በነፍስ ወከፍ አምስት የአሜሪካ ሳንቲም እንኳን አይሞላም። እዚህ አገር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ገና ጥቂት ጊዜው ነው፤ በእንዲህ ያለ ጉዳይ ላይ ጥርስ ይኖረው እንደሆነ ወደፊት እናያለን።

ሳትጠይቁ ሲመጣ ማን ጠየቀላችሁ?

የይለፍ ቃል መቀየሪያው እንዴት እንደሚሠራ ካወቃችሁ የፍርሃቱ ግማሽ ይቀልላችኋል። በመደብሩ ገጽ ላይ «የይለፍ ቃል ረሳሁ» የሚለውን ተጭኖ የፈለገውን ሰው ኢሜይል መጻፍ ማንም ይችላል። መደብሩ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ፣ ብዙውን ጊዜ በሰዓት የተገደበ ሊንክ ወይም ቁጥር አውጥቶ ወደዚያ ኢሜይል ይልካል። የጠየቀው ሰው ገጹ ላይ አያየውም። ስለዚህ እውነተኛው ደብዳቤ ሳትጠይቁ ቢመጣባችሁ ያ ሰው ኢሜይላችሁን ያውቃል ማለት እንጂ ገብቷል ማለት አይደለም። «እርስዎ ካልጠየቁ ይተዉት» የሚለው የደብዳቤው የግርጌ ቃልም ማታለያ አይደለም።

አንዳንዴ የጠየቀው ሰው የዋህ ነው። የእኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ወጥ አይደለም፤ «ፀጋዬ»ን በ«ቲ» የሚጀምረው አለ፣ በ«ኤስ» የሚጀምረው አለ፣ መጨረሻው ላይ አንድ «ኢ» የሚጨምርም የሚቀንስም አለ። ጂሜይል ደግሞ በስም መካከል የምትገባን ነጥብ አይቆጥርም። ነጥብ ያላት አድራሻ የራሱ የመሰለችው ሞክሼያችሁ ሲመዘገብ ደብዳቤው እናንተ ዘንድ ይመጣል። ለእኔ የአንዲት የማላውቃት ሞክሼዬ የሕፃን ልብስ ትዕዛዝ ደረሰኝ ለወራት ሲመጣልኝ ነበር። ልጁ አሁን አድጓል፤ ከጫማው ቁጥር አውቃለሁ።

አንዳንዴ የጠየቀው ሰው ሳይሆን ማሽን ነው። ከሌላ ዝርፊያ የተገኘ የኢሜይል ዝርዝር ይዞ የትኛው በየትኛው መደብር አካውንት እንዳለው ይፈትሻል። በርካታ መደብሮች አሁን «በዚህ ኢሜይል የተመዘገበ አካውንት ካለ ደብዳቤ ልከናል» የሚል የማያስታውቅ መልስ የሚሰጡት ለዚህ ነው። ዝርዝሩ ላይ የድሮ የይለፍ ቃላችሁም ካለ መቀየሪያም አያስፈልገውም፤ ያንኑ ቃል በየመደብሩ ይሞክረዋል። አንድ የይለፍ ቃል ለሁሉም ቦታ የሚጠቀም ሰው የቤቱን፣ የሱቁንና የካዝናውን ቁልፍ አንድ አድርጎ አሠርቷል ማለት ነው።

ሌላም አለ፤ ጎርፍ። በአንድ ሰዓት ውስጥ መቶና ሁለት መቶ ደብዳቤ፣ ከዜና መጽሔት፣ ከማታውቁት ሱቅ፣ ከይለፍ ቃል መቀየሪያ ይዘንባል። ሰው ተናዶ ሁሉንም በአንዴ ያጠፋል። የተፈለገውም እሱ ነው። ከጎርፉ መካከል «ትዕዛዝዎ ተቀብለናል፣ ላፕቶፑ ነገ ይደርሳል» የምትል አንዲት እውነተኛ ደረሰኝ ተደብቃለች። እንዲህ ያለ ጎርፍ ካያችሁ ከማጥፋታችሁ በፊት በምትገዙባቸው መደብሮች ገብታችሁ የትዕዛዝ ዝርዝራችሁን እዩ፤ ወደ አርካይቭ (ከዋናው ዝርዝር ወደሚሰወርበት ማኅደር) የተወረወረ ትዕዛዝ ካለም እሱንም ጭምር። ባንካችሁንም እንዲሁ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ስልክ ታጅቦ የሚመጣው ነው። ትዕይንቱ እንዲህ ነው። ስልክ ይደወላል። «ከመደብሩ የደኅንነት ክፍል ነው የምንደውለው፤ አንድ ሰው ከአካውንትዎ የ900 ዶላር ስልክ ሊገዛ ሲል ይዘነዋል» ይላል ድምፁ፣ በትሕትና። ትደነግጣላችሁ። «አይጨነቁ፣ እናስቆመዋለን። ማንነትዎን ለማረጋገጥ አሁን በኢሜይልዎ ስድስት አኃዝ ልከናል፤ ያንብቡልኝ።» ኢሜይላችሁን ትከፍታላችሁ። ቁጥሩ አለ። ላኪው በእርግጥም መደብሩ ነው፤ አድራሻው አንድ ፊደል አልተዛባም፤ ባለሙያ ብታማክሩም «ትክክለኛ ነው» ይላችኋል። ትክክልም ነው። ሰውየው እናንተን እያወራ በሌላ እጁ «የይለፍ ቃል ረሳሁ» የሚለውን ተጭኗልና ደብዳቤውን የላከው መደብሩ ራሱ ነው። ቁጥሩን ባነበባችሁ በደቂቃ ውስጥ አካውንቱ የእሱ ነው።

በቴሌግራም «ይቅርታ እህቴ፣ በስህተት አንቺ ስልክ ላይ ገብቶብኝ ነው፤ ያቺን ቁጥር ላኪልኝ» እየተባለ አካውንቱ የተወሰደበት ሰው በየቤቱ አለ። ያው ነው። የእኔ የአክስት ልጅ እውነቱን ጥላ ተጎዳች፤ የፖዴስታ ቢሮ ውሸቱን አምኖ ተጎዳ፤ እዚህ ላይ ደግሞ ሰው እውነቱን እውነት ብሎ ይጎዳል። ሦስቱም ላይ ስለ ደብዳቤው የተሰጠው ፍርድ ከጉዳት አላዳነም።

ምልክቶቹ አርጅተዋል

ድሮ ቋንቋው ያሳብቅባቸው ነበር። የተንጋደደ እንግሊዝኛ፣ ከማሽን የወጣ የሚመስል አማርኛ። አሁን የቋንቋ ሞዴሎች (ጽሑፍ የሚጽፉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች) ለማንም ሰው ንጹሕ ደብዳቤ በሰከንድ ይጽፋሉ። እንዲያውም ስህተት የሚበዛው እውነተኛው መደብር ቸኩሎ የጻፈው ላይ ሳይሆን አይቀርም።

በአሳሹ (በብሮውዘሩ) አናት ላይ ያለችው የጓጉንቸር ቁልፍ ምልክትስ? እሷ የምትነግራችሁ በእናንተና በገጹ መካከል ያለው መስመር መመስጠሩን ብቻ ነው። ከሌባ ጋር በምስጢር ማውራትም ይቻላል። ሰው ይህን አጥብቆ ስለተሳሳተው ጉግል እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ምልክቷን ከአሳሹ ከክሮም ላይ አንስቶ በሌላ ተካት።

የላኪው ስምም ማንም እንደፈለገ የሚጽፈው ነው፤ የስልክ አፖች ደግሞ ስሙን ብቻ አሳይተው አድራሻውን ይደብቃሉ። አድራሻውን ማንበብ የሚፈልግ ሰው በእኛ አገር የስም አወጣጥ ቢያስበው ይቀለዋል። እኛ ዘንድ የራስ ስም ይቀድምና የአባትና የአያት ይከተላል፤ የማን ልጅ እንደሆነ የሚያስታውቀው ኋለኛው ነው። የድረ ገጽ አድራሻም እንዲሁ ነው፤ መነሻው ላይ ያለውን «https://» ዘልላችሁ ከመጀመሪያዋ ስላሽ (/) በፊት ያለውን ከኋላ ወደ ፊት ታነቡታላችሁ። «አማዞን ነጥብ ኮም ነጥብ ማረጋገጫ ነጥብ ኔት» የሚል ብታዩ ባለቤቱ «ማረጋገጫ ነጥብ ኔት» ነው፤ «አማዞን» የልጁ ስም ብቻ ነው። ልጁን ንጉሡ ብሎ መሰየም ማንም ይችላል፤ ቤተ መንግሥት አይገባበትም እንጂ።

ይህም ቢሆን ፍጹም አይደለም። በእኛ ፊደል ሀ፣ ሐ እና ኀ መልካቸው ሌላ፣ ድምፃቸው አንድ ነው። በኢንተርኔት ያለው ችግር የተገላቢጦሽ ነው፤ የላቲኑና የሩሲያው «አ» መልካቸው አንድ ሆኖ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ተመራማሪ ሙሉ በሙሉ በሩሲያ ዓይነት ፊደላት የተጻፈ፣ በዓይን ከአፕል አድራሻ የማይለይ ስም አስመዝግቦ አሳይቷል። ክሮምና ፋየርፎክስ ያኔ እንደ ዋናው አድርገው ነበር የሚያሳዩት። ክሮም ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። ቢሆንም ፊደል እየቆጠሩ መኖርን ለአክስቴ አልመክርም፤ መነጽሯን ከየት አምጥታ!

በራሳችሁ በር

እንግዲህ ለቤተሰቦቼ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። ደብዳቤው ይምጣ፣ አንብቡት፣ እዚያው ተዉት። ከዚያ ስልካችሁ ላይ ያለውን የመደብሩን አፕ ክፈቱ፣ ወይም አድራሻውን በእጃችሁ ጻፉ። የጉግል ፍለጋ ውጤት አናት ላይ ያለውን ማስታወቂያ አትጫኑ፤ እዚያም አስመሳይ ይገባል። ደብዳቤው እውነት ከሆነ መደብሩ ሲገቡ ያንኑ ይነግራችኋል፤ የይለፍ ቃሉ ተሰርዞ ከሆነም እዚያው አዲስ እንድታወጡ ይጠይቃችኋል። ውሸት ከሆነም ደጅ ቀርቷል። አማዞን ለምሳሌ አካውንቱ ውስጥ የላካቸውን መልእክቶች የምታዩበት ሳጥን አለው። ቁጥር ከመጣ ደግሞ ቁጥሩ የሚጻፈው እናንተ የከፈታችሁት ገጽ ላይ ብቻ ነው። ለደወለ ሰው አይነበብም፤ ደዋዩ ባንክ ይሁን፣ መደብር ይሁን፣ ፖሊስ ይሁን።

ሰው የሚዘነጋው ከመደብሩ አካውንት ይልቅ ኢሜይሉን መጠበቅ እንዳለበት ነው። የሁሉም መደብር መቀየሪያ የሚመጣው ወደ ኢሜይል ስለሆነ ኢሜይላችሁን የያዘ ሰው የቀሩትን ሁሉ አንድ በአንድ ማውጣት ይችላል። እኛ አገር ስልክ ስንገዛ ጂሜይሉን የሚከፍትልን ሻጩ ነው፤ የይለፍ ቃሉን እሱ ያወጣዋል፣ ደብተሩ ላይ ይጽፈዋል፣ እኛም ረስተነው እንኖራለን። እንዲህ የተከፈተ ኢሜይል ላይ የውጭ አገር መደብር አካውንት ያሰረ ሰው ዛሬውኑ ይቀይረው። ከዐረብ አገር የተመለሱ ሰዎችም መልሶ ማግኛ ብለው ያስመዘገቡት ስልክ ቁጥር እዚያ የቀረው ሲም እንዳይሆን ይዩት፤ የተተወ ቁጥር ውሎ አድሮ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ኢሜይላቸው ተነክቷል ብለው የሚጠረጥሩ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ደብዳቤን በድብቅ ወደ ሌላ የሚያስተላልፍ ወይም የመደብርን ደረሰኝ ወዲያው ወደ ቆሻሻ የሚጥል ትእዛዝ እንዳልተሰጠ ይፈትሹ። ሌባ ከገባ በኋላ ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

የይለፍ ቃል የሚይዝላችሁ ፕሮግራም መጠቀም ለማስታወስ ብቻ ይመስላቸዋል ብዙዎች። እኔ የምወደው በሌላ ምክንያት ነው። እናንተ ገጹን በመልኩ ታውቁታላችሁ፤ እሱ አድራሻውን ፊደል በፊደል ነው የሚያየው። አስመሳይ ገጽ ላይ ስትደርሱ የይለፍ ቃሉን አይሞላም፣ ዝም ይላል። ያ ዝምታ ከማንም ባለሙያ ምክር ይሻላል። ፓስኪ የሚባለው አዲሱ መንገድ ይህን ይበልጥ ያጠብቀዋል። ቁልፉ ስልካችሁ ውስጥ ይቀመጣል፣ በጣት አሻራ ይከፈታል፣ ከእውነተኛው ገጽ በቀር ሌላ ቦታ አይሠራም፤ ለሌባ አንብቡ ብትባሉም የምታነቡት ነገር የለም። አማዞን እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ለደንበኞቹ ሰጥቷል። ስልክ ሲጠፋ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ብዙ ሰው ያስፈራዋል፤ ጉግልና አፕል ከአካውንቱ ጋር አያይዘው ስለሚያስቀምጡት በአዲስ ስልክ ይመለሳል። ይህም ዞሮ ዞሮ ወደዚያው ዋና አካውንት ጥበቃ ይመልሰናል።

ባለፈው ሰሞን ከአክስቴ ልጅ ጋር ስናወራ ከዚያው መደብር ደግሞ ስለ ይለፍ ቃል ኢሜይል እንደመጣላት ነገረችኝ። ስክሪንሾት አልላከችልኝም ነበር። በአፑ ገብታ ትዕዛዞቿን አየች፤ ምንም የለም። ለማንኛውም ብላ የይለፍ ቃሏን ቀየረች፣ ያስቀመጠችውን ካርድ አወጣች፣ ሻይዋን አፈላች። እኔ አመሌ አልለቀቀኝም፤ «ታዲያ ደብዳቤው እውነተኛ ነበር ወይስ የውሸት?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቄ» አለችኝ፤ «አልከፈትኩትም እኮ።»